በትምህርቱ ያልገባችው ሴት

"በእምነት ተቀበዪ" አለች ምስጋና፤ የሴቶቹ እጅ አስካል ሆድ ላይ ተደራረበ። የአንዷ እጅ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አስካል ዐይኗን ጨፍና ቆማለች፤ ሐሳቧ ግን ደጅ አጥሩ ሥር ከተቀመጠችው ልጅ ጋ ነው።

ልጅቷ አቢጊያ ትባላለች፤ የአስካል ታናሽ ወንድም የታሪኩ ልጅ ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞተች። ታሪኩንም ባለፈው ክረምት ሃና በምትባለው የቆላ ከተማ ወባ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ያቆየቻት ጎረቤቱ ቦሼ ዛሬ በጭነት መኪና ይዛት ጂንካ ገብታለች። ጸሎቱ እስኪያልቅ ብላ ውጭ ተቀመጠች እንጂ የመጣችበትን ገና በር ላይ ተናግራለች።

"እኔ የራሴ ልጆች አሉኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አክስቷ አንቺ ነሽ። አልወስድም ካልሽ ለመንግሥት አስረክባለሁ። መኪናው ዛሬ ይመለሳል።"

የሐሙስ ከሰዓቱ የሴቶች ኅብረት በየተራ በየቤቱ ይዞራል፤ የዛሬው ተረኛ የአስካል ቤት ነው። ምስጋና ከመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ስለሚገኝ እምነት ታስተምራለች። ከሣራ ጀምራ ርብቃን፣ ራሔልን፣ ሐናን አስከትላ ዛሬ ኤልሳቤጥ ላይ ደርሳለች። ሁሉም መካን ነበሩ፤ ሁሉም ወለዱ። በትምህርቱ መጨረሻ ማን ተነሥታ እንደምትቆም ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከኅብረቱ ያልወለደች አስካል ብቻ ናት። ምስጋና ክፉ ሰው አይደለችም። ስትጸልይ እንባዋ ከልቧ ነው የሚወርደው። አስካልን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ መልስ አታጣላትም ነበር።

እጆቹ ከሆዷ ሲነሡ አስካል ነገሩን አንድ በአንድ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። "ላሳድጋት ነው" ብላ ጨረሰች።

ምስጋና መጽሐፍ ቅዱሷን ዘጋች። "እህት አስካል፣ ሣራ የት ላይ ነው የተሳሳተችው?"

"አጋርን ለባሏ የሰጠች ጊዜ።"

"ለምን ሰጠች?"

"መጠበቅ አቅቷት።" ትምህርቱን በቃሏ ታውቀዋለች።

"ከዚያ እስማኤል መጣ። አሁን አንቺም ጌታ ሊሰጥሽ ሲል ቤትሽን በሌላ ልትሞዪው ነው።"

"የወንድሜ ልጅ እኮ ናት።"

"ይገባኛል። ልብስም ደብተርም ኅብረቱ ያግዛታል። ቤትሽን ግን ለይስሐቅ ጠብቂ።"

"አሜን" አሉ ሁለት ሦስት ሴቶች።

አስካል ስንት ሐሙስ በሆዷ ይዛ የከረመችውን አወጣችው። "የፈርዖን ልጅስ? የሰው ልጅ ከውኃ አውጥታ አሳድጋ የለም? ስለ እሷ አንድ ቀን አልተማርንም።"

"እሷ እኮ አሕዛብ ናት" አለች ምስጋና ረጋ ብላ። "ከእምነት ሴቶች አትቆጠርም።"

ይህን ጊዜ የአስካል ባል ሚልክያስ ገባ። አናጢ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ሰጋቱራ አለ። ሴቶቹን ሰላም ብሎ አስካልን በዐይኑ ወደ ጓዳ ጠራት። ጓዳ ውስጥ በሣራ ትምህርት ሰሞን በእምነት የሠራው የሕፃን አልጋ ቆሟል። እስከዚያው የታጠበ ልብስ ይከመርበታል።

"የታሪኩን ልጅ አየኋት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቁርጥ አባቷን።"

"እንግዲያው ትግባ።"

"እሷን ካስገባን ተስፋ ቆርጠናል ማለት ነው። ልጅህን በእጅህ ቅበር ነው የምትዪኝ።"

"የትኛውን ልጅ? የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት አለፈው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ያለችኝን ነግሬሃለሁ።"

"የሣራም ቆሞ ነበር።"

አሳዘናት። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ አብሯት ሲኖር አንድ ቀን መካን ብሏት አያውቅም፤ ሌላ ሴት አላየባትም። ይሁን እንጂ ደጅ ያለችው ልጅ የምትተነፍስ ልጅ ናት፤ እሱ የሚያለቅሰው ግን ገና ላልተፈጠረችው ነው። ሐዘኗ እዚያው ወደ ንዴት ተለወጠ።

ሚልክያስ ወደ ሴቶቹ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና አነጋገሩ የመድረክ ነው። "እህቶች፣ እኛ በተስፋው ጸንተናል። ልጅቷን ቦሼ ትመልሳታለች። አንድ ጊዜ ጸልዩልን።"

ሴቶቹ ተነሡ። እጃቸው ደግሞ ወደ ሆዷ ሲመጣ አስካል ወደ ኋላ ሸሸች።

"እጃችሁን ሰብስቡ" አለች። "እኔ አርጫለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ቁርጡን ነግረውኛል። ሚልክያስም ያውቃል።"

ሁሉም ዞረው ሚልክያስን አዩት። ባለፈው እሑድ ምሥክርነት ላይ ቆሞ "በቤታችን የተስፋው ልጅ ምልክት ታይቷል" ያለው፣ ጉባኤውንም እልል ያሰኘው እሱ ነው። ምስጋና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"አዋረድሽኝ" አለ ሚልክያስ። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

አስካል ተከትላው ወጣች። ሚልክያስ አጥሩን አልፎ መንገዱ ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ታውቀዋለች፤ ሲያኮርፍ ርቆ አይሄድም፣ እስኪጠሩት ይቆማል። ስሙን ብትጠራው ይመለሳል። እሱ ከተመለሰ ደግሞ ልጅቷ ትሄዳለች።

ቦሼ ተነሥታ የልጅቷን ልብስ የያዘውን ፌስታል እንደጨበጠች ሁለቱን በየተራ ታያቸዋለች። "ምን ላድርግ?" አለች።

አስካል ፌስታሉን ተቀበለቻት። ሚልክያስ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ወደ ገበያው ቁልቁል መራመድ ጀመረ። አካሄዱ ዝግ ያለ ነበር፤ ብትጠራው ድምፅዋ እንዲደርሰው ያህል።

አስካል ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

"ምሳ በልተሻል?"

አቢጊያ በጭንቅላቷ አልበላሁም አለች።

"ነዪ፣ ግቢ" አለችና ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ቤት እጇን ይዛ አስገባቻት።