ብርድ ልብሶቹ በታጠቡበት ሳምንት

ለበዓሉ ገና አምስት ሳምንት ይቀራል። ይህን አንባቢዋ ለአማቷ በትሕትና ነግራለች፣ በፈገግታ ነግራለች፣ አንድ ቀን ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዳ ሳምንቶቹን በጣቷ እየቆጠረች አሳይታለች። አማቷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። እሳቸው እንደሚሉት በዓል የሚያዋርደው በመጨረሻው ሳምንት ወዲያ ወዲህ የሚለውን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሻንጣና ሁለት ፌስታል አንጠልጥለው "ላግዛችሁ ብዬ ነው" ብለው ከገቡ ስምንተኛ ቀናቸውን ይዘዋል።

ማገዛቸውስ አግዘዋል። ምን ያላገዙት ነገር አለ? የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ አውርደው አጥበው መልሰው ሰቅለውታል፤ ማንኪያዎቹ አሁን የት እንዳሉ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሶፋው ቦታውን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። አንባቢዋ በጨለማ ብትነሳ አንዱ እግሯ መሰበሩ የማይቀር ነው።

አንባቢ የሚሏት መጽሐፍ ስለምትወድ ብቻ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። የሰው መጽሐፍ በድምፅ እያነበበች ትቀዳለች፣ የተቀዱ መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት ደግሞ ይወስድላታል፤ ሰዉም ታክሲ ውስጥ፣ ሳህን እያጠበ፣ እንቅልፍ አልወስድ ሲለው ያዳምጣታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ስታለቅስና ስትስቅ ኖራለች። አሁን የምትቀዳው ግን የራሷ መጽሐፍ ነው። አራት ዓመት የጻፈችው፣ የመጀመሪያዋ። አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው፤ አሥራ አንዱ ተቀድቶ ሄዷል። አሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ካልደረሰ ድርጅቱ ለበዓሉ የሚያወጣቸው መጻሕፍት ዝርዝር ይዘጋል፤ ቦታዋንም በማለዳ መነሳት ስለሚያመጣው በረከት የሚያትት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይወስደዋል። እሷ እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለች፤ እሱም ያኔ ማንም የተሻለ ነገር ካላመጣ ነው።

የምትቀዳው መኝታ ቤት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልብሱን አውጥታ በሦስቱም በኩል ስድስት ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላለች፣ ውስጡ አንዲት በርጩማ፣ ማይክሮፎንና ትንሽ መብራት አስገብታለች። በሩን ስትዘጋው ዓለም የለችም። ድምፅ ከአፏ ወጥቶ ማይኩ ላይ ያርፋል እንጂ ከግድግዳ ጋር አይላጋም። የቤቱ ሰው ግን "የት ነች?" ሲባል "ቁም ሳጥን ገብታለች" ነው የሚለው፤ አኩርፋ የተደበቀች ይመስል። ቢሮ ያለው ሰው ቢሮ ነው ይባላል። ቁም ሳጥን ያለው ሰው ግን በሩ ይንኳኳበታል፣ "መቀሱን አይተሽዋል?" ይባላል።

ማክሰኞ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ጉሮሮዋን በሞቀ ውኃ አርሳ፣ ምዕራፍ አሥራ ሁለትን ይዛ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ እንጨት። ስድስቱም ብርድ ልብሶች የሉም። እየሮጠች ጓሮ ስትወጣ አማቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ትልቁ ሳፋ ውስጥ ገብተው ይረግጡላታል። አረፋው ጉልበታቸው ደርሷል።

"አቧራ ጠጥተው ጠጥተው ነበር" አሉ እርግጫቸውን ሳያቋርጡ። "እዚያ ውስጥ እስካሁን እንዴት እንደተነፈስሽ ነው የገረመኝ፣ ልጄ።"

አንባቢዋ ደሟ ፈላ። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ግን የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ሳፋ ውስጥ ቆመው ላብ በላብ ሆነው እያየቻቸው ምን ትላለች? ዋጠችው። ማታ ይደርቃል አሏት። እሷም ማታ ይደርቃል ብላ አመነች፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበራት።

ከሰዓት ደመነ። ረቡዕ ሲነጋ ያካፋ ጀመር፣ አላቆመም። ስድስቱ ብርድ ልብሶች ገመዱን መሬት ሊያስነኩት ደርሰው እየተንጠባጠቡ ዋሉ። አማቷ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ስላልሆነላቸው መጋረጃዎቹንም አወረዱ፣ ምንጣፉንም ጠቅልለው በረንዳ ላይ አቆሙ። ቤቱ በአንድ ቀን ተራቁቶ፣ ሰው ሲያስል እንኳ ቆርቆሮ ሆኖ የሚመልስ ሆነ።

ይህን ከሁሉ በላይ የወደደችው ልጇ ነበረች። ትምህርት ቤቱም እንደ አያቷ ተጣድፎ የበዓል ዝግጅት ጀምሯል፤ ለስምንት ዓመቷ ልጅም የደመና ሚና ተሰጥቷታል። የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ "እኔ ደመና ነኝ፣ ዝናብ አመጣለሁ።" ይህንኑ ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ በየክፍሉ እየዞረች፣ ባዶው ቤት እንዴት እንደሚመልስላት እያዳመጠች ትጮኸዋለች። ውጭ ደግሞ ዝናቡ እሺ እያላት ይወርዳል። አንባቢዋ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ በክፉ ዓይን አየቻት።

ቢሆንም ሞከረች። ባዶው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ ሁለት ገጽ ቀድታ ላከች። የድርጅቱን የድምፅ ባለሙያ "ጆሮ" ነው የሚሉት፤ አንድ ሰው እያነበበ እግሩን ቢያጣምር የሚያውቅ ሰው ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለላት።

"እስከ ምዕራፍ አሥራ አንድ ጆሮዬ ሥር ነበርሽ" አላት። "አሥራ ሁለት ላይ ጉድጓድ ገብተሻል። አዳማጩ ሴትዮዋ ምን ሆነች ነው የሚለው። እንዲህ ሆኖ አይወጣም፣ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አልጋ ሥር ገባች፤ አስነጠሳት። የባሏን ጃኬቶች ጭንቅላቷ ላይ ደርባ ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠች፤ ግማሽ ገጽ ሳትሄድ አማቷ ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን እግር መወልወል ጀመሩ። "አንቺ አንብቢ፣ እኔ ድምፅ አላሰማም" አሏት፤ የሚወለውሉት ግን እያዜሙ ነበር።

ባሏ ከሚሠራበት ፋርማሲ አመሻሽ ላይ ሲገባ ወጥ ቤት ስባ አስገባችውና በሩን ዘጋች። በሹክሹክታ መጣላት ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው ያየው ነው። አራት ዓመት የለፋችበት ነገር በሳሙና አረፋ ሊጠፋ መሆኑን ነገረችው። እናቱን እንደምታከብር፣ እንደምትወድም፣ ግን አንድ ቀን ቢጨመር አእምሮዋን እንደምትስት ነገረችው። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ይምጡ፤ አሁን ወደ ቤታቸው ይመለሱ፤ ይህን መናገር ያለበት ደግሞ ልጃቸው ነው። ባሏ ራሱን እያሻሸ እሺ አለ። ይህ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ሊቀይር እሺ ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ እሺታውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ሐሙስ ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ሰው የሌለበት፣ ምንጣፉ ያልተጠቀለለ፣ ብርድ ልብሱ ያልታጠበ ቤት አለ። የአማቷ ቤት!

የቤታቸውን ቁልፍ ስትጠይቃቸው አማቷ ቦርሳቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉ። ቤቱ አልተሰናዳም፣ ሰው የሚገባበት አይደለም አሉ። "ብቻሽን ነው የምትሄጂው?" ብለው ጠየቁ፤ አዎ ስትላቸው ከቦርሳቸው አወጡላት። እሷ ግን ሰዓት ሰዓቷን ስታይ ስለነበር የፊታቸውን መለዋወጥ ልብ አላለችም።

ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ደረሰች። በሩን ስትከፍት ውስጥ ወንድ ያወራል። ጃንጥላዋን እንደ ዱላ ይዛ ቀስ ብላ ስትገባ ሰውየው ስለ ቲማቲም ተባይ እያብራራ ነበር። ሬዲዮ ነው። ሳሎን ያለውን ዘጋችው፤ ሰውየው ወጥ ቤት ሆኖ ቀጠለ። እሱንም ዘጋች፤ መኝታ ቤት ሆኖ ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀሙ ይነግራት ገባ። ሦስት ሬዲዮ፣ ሦስቱም አንድ ጣቢያ ላይ፣ ባለቤቲቱ በሌሉበት ቤት ዘጠኝ ቀን ሙሉ! ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲፈራ ነው መቼም አለች፤ ለሌባ አንድ አይበቃም? እዚህም ድረስ የመጣባትን ጫጫታ እየረገመች የመጨረሻውን ዘጋች።

ከዚያ ጸጥ አለ። የባሏ አባት ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቁም ሳጥኑ ግን አሁንም በካፖርቶቻቸው ጢም ብሎ ሞልቷል። በካፖርቶቹ መሀል ተሽሎክሉካ ገባች፣ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣ አንድ ጊዜ "እሰይ" አለች፤ ድምጿ የትም ሳይሄድ እዚያው ቀረ። አርባ አምስት ደቂቃ አነበበች። ማንም አላንኳኳም። ማንም መቀስ አልጠየቃትም። ደመና አልመጣም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ፤ እንዲሰበር የፈለገችውም እዚያው ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ላከችው። ጆሮ ሲደውል የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ተመልሰሻል። በበዓሉ ዝርዝር ላይ ገብተሻል።"

እግሯን ዘርግታ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠች። ይህን ነበር ለዓመታት የተመኘችው፤ ማንም የማይጠራት ቤት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጣፈጧት። ከዚያ የፍሪጁ ሞተር ቆመ፤ ምራቋን ስትውጥ የራሷን ጉሮሮ ሰማች። የዕቃ ማድረቂያው ላይ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ አለ። የምግብ ጠረጴዛውን ከከበቡት ስድስት ወንበሮች የተቀመጡበት የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱ ወደ ሬዲዮው ዞሯል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭንቅ አላት፤ ተነስታ በማያስፈልግ ነገር ቧንቧ ከፍታ ዘጋች።

ሦስት ሬዲዮ ለሌባ አይደለም። አንድ ሰው ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ የሚያወራው እንዳይቋረጥበት ነው። ዘጠኝ ቀን ሳይዘጋ የቆየውም፣ ሲመለሱ በሩን ዝም ላለ ቤት እንዳይከፍቱ ነው። አማቷ የበዓል መጣደፍ ይዟቸው አልመጡም፤ አምስት ሳምንት ቀርቶት ሊመጡ የሚያስችላቸው ሰበብ በዓሉ ብቻ ስለሆነ ነው። አንባቢዋ አፈረች። ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ያለችው ሁሉ ቃል በቃል ትዝ እያላት አፈረች። ሦስቱንም ሬዲዮ ከፍታ፣ ቆልፋ ወጣች።

አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለባሏ ደወለች። አያነሳም። እንደገና ደወለች። የምትፈልገው "ተወው፣ እንዳትነግራቸው" ለማለት ብቻ ነው፤ ደግሞም የአምፖሉ ነገር ያጽናናት ነበር። ይህ ሰው ዛሬ ምን ቆርጦት ይናገራል?

ቤት ስትደርስ አማቷ ሳሎን ውስጥ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ሻንጣውና ሁለቱ ፌስታሎች እግራቸው ሥር ናቸው። ባሏ ከፋርማሲው አስፈቅዶ መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል፤ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ ኩራት በተሞላ ሹክሹክታ፣ "ነገርኳት" አላት። አንባቢዋ በዚያች ቅጽበት ባሏን በጥፊ ልትለው ቃጣት።

አማቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። "ልክ ናችሁ፣ ገና ነው" አሉ። "ሳምንት ሲቀረው እመጣለሁ። ቁልፌን ስጪኝና ሳይመሽ ልግባ፣ ልጄ።"

ቁልፉ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው፤ በጣቶቿ መሀል ይዛዋለች። ብታወጣው ነገ ማንኪያዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ቁም ሳጥኑ ይዘጋል፣ አራት ሳምንት ሰላም ነው። ሁለተኛ መጽሐፍ መጀመር ትችላለች። ሐሳቡም አላት።

"ጠፋብኝ፣ እማማ" አለች።

ባሏ ወዲያው ስልኩን አወጣ። ጎበዝ ቁልፍ ሠሪ አውቃለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፍተዋል አለ። ሁለት ዓመት የተኛው ሰው ዛሬ ምን እንደነካው እግዜር ይወቀው። በዓይኗ ገረመመችው፤ እሱ ግን ቁጥሩን እየፈለገ ነው።

"በዓል ደርሶ የምን ቁልፍ ሠሪ ነው?" አለች ጮክ ብላ። "ሰዉ ሁሉ ሥራ በዝቶበታል።"

አማቷ ፊቷን አዩት። ከዚያ ከኪሷ ያልወጣውን እጇን አዩ፤ ብዙ ቆይተው አዩት። ቀስ ብለው የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሁሉንም።

"እንግዲያው አትቸኩዪ" አሉ። "ቀስ ብለሽ ፈልጊው።"

ተነሱና ኮቱን ወንበር ላይ ጣል አድርገው፣ የመስኮቱን መስታወት በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩና ባልዲ አምጡልኝ አሉ።