ወገብ ላይ የሚታሰር ነገር

ካሳዬ ካዝናውን ነቅሎ ጥይቶቹን አንድ በአንድ የምስር ፌስታል ውስጥ ካራገፈ በኋላ፣ ሽጉጡን ወደ ግድግዳው አዙሮ ባዶ መሆኑን ደጋግሞ አየ። እጁ አልረሳም። ቆሞ ያለው ከስለሺ ሱቅ ጀርባ፣ እቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለሺ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ጤፍና በርበሬ መሸጥ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ለመባል ጥቂት የቀራቸው ሁለት ሰዎች፣ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ በጤፍ ጆንያ መሀል እንደ ሌባ ተሸሽገዋል።

"ከየት አመጣኸው?" አለ ካሳዬ።

"አትጠይቀኝ።"

"ላይሰንስ የለህም።"

"የለኝም። ላይሰንስ ያለውም ሰው ቢሆን ወገቡ ላይ አያዞርም አሉ። ምን ላድርግ? ፖሊስ እንደሆነ መጥቶ ሪፖርት ጽፎ ሄዷል።"

እውነቱን ነው። በየካቲት ሁለት ጭምብል ያጠለቁ ልጆች በቀን ገብተው በብረት ጭንቅላቱን መቱት፤ ሰባት ቦታ ተሰፋ። በሚያዝያ ደግሞ ሌሎች መጡ። ወይም እነዚያው ናቸው፤ ጭምብል ምን ያስለያል? ከዚያ ወዲህ ስለሺ በሩ በተከፈተ ቁጥር የያዘውን ጥሎ መጀመሪያ የሚያየው የገባውን ሰው እጅ ነው።

"ስማኝ፣" አለ ስለሺ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳወጣው ይቺ ጫፉ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ ሸሚዜን ትይዛለች። እጀታውም ረዝሞ ከሸሚዜ ሥር ያስታውቃል። አንተ ሠራዊት ውስጥ ሃያ ዓመት መሣሪያ ጠግነሃል።"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ይሁን። የምትሠራበት ፋብሪካ ደግሞ መሞረጃው ሞልቷል። ቀን ሙሉ ወገቤ ላይ ውሎ ሰው እንዳያውቀው አድርገህ አስተካክልልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም።"

ካሳዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ማሽን ላይ ቆሞ ነው የመጣው። ቅዳሜን የሚሠራው፣ ሌላውንም ቀን ሰዓት ጨምሮ የሚቆየው ለኦቨርታይሙ ሲል ነው፤ ኦቨርታይሙ የሴት ልጁ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው። ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል፣ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፤ ጆንያው ላይ ጋደም ቢል ደስ ባለው። እሺ ቢል ጣጣው ግልጽ ነው፤ ስለሺ ቢያዝ ይታሰራል፣ የሞረደለትም ሰው አብሮ ይገባል። እምቢ እንዳይል ደግሞ ውለታው አለ። ካሳዬ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ሻንጣ ቶሮንቶ ሲገባ፣ ስለሺ ቤዝመንቱን ለቆለት ሰባት ወር አኑሮታል። ይህን አንድም ቀን አንስቶበት አያውቅም። ቢያነሳበት ኖሮ እምቢ ማለቱ ይቀለው ነበር።

ስለዚህ የደከመው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ነገሩን አዘገየ።

"ሻምበል ገብረ ክርስቶስ የሚባል አለቃ ነበረኝ፣" አለ። "አንድ ሰው መሣሪያዬን አስተካክሉልኝ ብሎ ሲመጣ 'መጀመሪያ ታጥቆ ይዋልና እንየው' ይለን ነበር። የት እንደሚቆረቁረው ሳታይ ሞረድ አታነሳም። ብረት አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።"

"እና ታጥቄ ልዋል?"

"ሽጉጡን አይደለም። ሚዛንህን አምጣ።"

ሽጉጡን ኮረሪማ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ከነበሩት የነሐስ ሙቀጫዎች የአንዱን ዘነዘና አነሳና መዘነ፤ ክብደቱ ከሽጉጡ በጥቂቱ ይበልጣል። በካርቶን ጠቅልሎ የሽጉጡን ያህል አወፈረው፣ በስለሺ ቀበቶ ሥር በቀኝ በኩል ሻጠለት፣ ሸሚዙን አለበሰበት።

"በዘነዘና ልትቀልድብኝ ነው?"

"ለልክ ነው። እንደ ወትሮህ ሥራ። እኔ ከፍሪጁ አጠገብ ተቀምጬ አይሃለሁ።"

ሽጉጡን ቆልፈውበት ወጡ።

መጀመሪያ የገቡት እማማ ጸሐይወርቅ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ቶርንክሊፍ ከሚባለው ሰፈር ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የሚመጡት ለግማሽ ኪሎ ሽሮ ብቻ አይደለም። እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ስለሺ ሄዱ። እሱ ቀኝ ጎኑን ወደ ኋላ ሰብስቦ እጁን ብቻ ሰጣቸው።

"ምነው ልጄ፣ አሞሃል?"

"ጀርባዬን ትንሽ ይዞኛል እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ወይስ ተቀይመኸኛል? ባለፈው ስለ በርበሬው የተናገርኩትን ይዘህ እንዳይሆን።"

"ኸረ በምን ልቀየምዎት፣ እማማ።"

አላመኑትም። ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚያወሩት ሴትዮ ሽሯቸውን ብቻ አስመዝነው፣ "እግዜር ይማርህ" ብለው ወጡ። ስለሺ በመስታወቱ ተከትሎ አያቸው። ካሳዬ ጠርቶ ሊመልሳቸው ቃጣው፤ ግን ልክ እየወሰደ ነውና ተወው።

ቀጥሎ ዕቃ የሚያደርሰው ኖላዊ ካርቶን በጋሪ እየገፋ ገባ። ስለሺ ጎንበስ ብሎ ዘይት እየደረደረ ነበርና አላየውም። ኖላዊ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው። ስለሺ ተፈናጥሮ ዞረ፤ ቀኝ እጁ ሸሚዙን ገልቦ ዘነዘናውን ጨብጧል።

"ዋው፣ ጋሽ ስለሺ፣ እኔ ነኝ። ቺል፣ ተረጋጋ፣" አለ ልጁ ሁለት እጁን አንስቶ እየሳቀ። "ሰላም ልበልህ ብዬ ነው።"

"አስደነገጥከኝ እኮ።"

"ሶሪ ጋሼ። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።"

ስለሺ የሸሚዙን ጫፍ ወደ ታች ጎትቶ ፈረመ። የካሳዬ እንቅልፍ ብን ብሎ ጠፋ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ካሳዬ እናቱን ከነስሟ የሚያውቃት ልጅ እየሳቀ ጋሪውን ይዞ ወጣ።

ቲጂ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። የስለሺ ሚስት ናት፤ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ቤታቸው እየሄደች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ስለዚህ እሷም ስትገባ እግሯን እየጎተተች ነው። ከባንኮኒው በስተኋላ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ በዚያ ስታልፍ ሁልጊዜ የባሏን ወገብ ያዝ አድርጋ ነው የምታልፈው። ዛሬም እጇን ሰደደች። ስለሺ እጇን ከወገቡ ገፋው።

ቲጂ ቆመች። "ምንድን ነው እሱ?"

"ለጀርባዬ ነው።"

ሸሚዙን ገለበችና ሳበችው። ካርቶኑ ወደቀ፣ ዘነዘናው እጇ ላይ ቀረ። አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ወደ ፍሪጁ ዞረች።

"ካሳዬ፣ ባሌ አብዷል?"

ስለሺ ካሳዬን ተመለከተው፤ ልመናው ፊቱ ላይ ተጽፏል። ውሸቱም ሩቅ አልነበረም። ሐኪም እንዲህ አርግ ብሎት ነው ቢል ያልቃል።

"ልክ እየወሰድኩለት ነበር፣" አለ ካሳዬ።

"የምን ልክ?"

"የሽጉጥ።"

ቲጂ ባንኮኒውን ተደገፈች። "የት ነው ያለው?"

"እቃ ቤት። ባዶ አድርጌዋለሁ።" ካሳዬ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። "ስለሺ፣ ቅር አይበልህ፣ እኔ አልሞርደውም። ያስቸገረህ ማነጣጠሪያው አይደለም። እጀታውን ባሳጥርልህም፣ እንዳይታወቅብህ ሰው ሳያቅፍህ መዋል አለብህ። ኖላዊ ሲነካህ እጅህ የት እንደሄደ አይተሃል?"

ስለሺ የሩዝ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ማየቱንስ አይቷል።

"ፈራሁ፣ ቲጂ፣" አለ። "በሩ በተከፈተ ቁጥር እሞታለሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ከእኔ ደጃፍ ሁለቴ ቆረጡ። ሦስተኛውን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?"

ቲጂ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አንድ የማውቃት ጠበቃ አለች፤ ደውዬ እነግራታለሁ፣" አለች። "ለፖሊስ እንዴት እንደምናስረክበው እሷ ታውቃለች። የሚመጣውን አብረን እንችላለን።"

"እሱስ ይሁን። በሩን ምን ላድርገው?"

ካሳዬ በሩን አየው። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም እንደ ሌላ ሰው ንግግር ነው የሰማው።

"ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ። እስክትዘጋ እዚህ ጥግ እቀመጣለሁ። ሁለት ሰው ያለበት ሱቅ አንድ ሰው እንዳለበት አይደለም።"

"አንተ? ቆመህ የምታንቀላፋው ሰውዬ?"

"ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ከውጭ ሲያዩኝ ሰው ነኝ።"

ቲጂ ሳታስበው ሳቀች፣ ሳቋም መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ስለሺ ወደ ራሱ ሳባት።

ካሳዬ ፊቱን ከእነሱ መለስ አድርጎ ስልኩን አወጣና ለፎርማኑ ጻፈ፤ ከሰኞ ጀምሮ ኦቨርታይም አልገባም። መልሱ ወዲያው መጣ። ለስንት ሳምንት ነው ይላል።

ካሳዬ ቀና ብሎ ስለሺን አየው። ሚስቱን እንዳቀፈ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ በሩን እየተመለከተ ነው።

"አላውቅም" ብሎ ላከ።