ለሎሚ የተሰፋ ካፖርት

አማቴ ከሞቃቱ አገር ወደ እኛ ቤት የመጡ ቀን፣ ከሻንጣቸው በፊት ከመኪናው ያስወረዱት አራት የቀለም ባልዲ ነበር። በባልዲዎቹ ውስጥ አንድ ሎሚ፣ አንድ ዘይቱንና ሁለት የቡገንቪሊያ አበባ አሉ። ሳምንት ሳይሞላቸው አጥራችን ሥር ተከሏቸውና ለእኔና ለባለቤቴ ቁርጡን ነገሩን።

"እነዚህ የዘንድሮን ብርድ ከቻሉት እኔም እችለዋለሁ። ካልቻሉት ግን ወንድሜ ክፍሉን ይዞልኛል፤ እመለሳለሁ።"

ወንድማቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ቤታቸው አያድሩም። አማቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት፣ ብቻቸውን ሲኖሩ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ግማሽ ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል። ባለቤቴ እስከዛሬ ያ ቀን ትዝ ሲላት የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። እንግዲህ ሎሚው ከደረቀ እናቷ ወደዚያ ሲሚንቶ ሊመለሱ ነው ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

መቀመጥማ ድሮም አልችልም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ፊት ካልሆነ በቀር ወንበር ይቆረቁረኛል። አማቴ በመጡ በሦስተኛው ቀን "እንዝርት" የሚል ስም አወጡልኝ፣ ደንበኞቼ ሳይቀሩ ያዙት። ብርዱ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ጠዋት ተነስቼ ቅጠል እቆጥራለሁ፣ አፈሩን በጣቴ እወጋለሁ፣ ሱቅ ሄጄ ሁለት ሱሪ አሳጥርና ተመልሼ ያንኑ ቅጠል እንደገና እቆጥራለሁ። ባለቤቴ፣ ሎሚውን በዓይንህ ልትጨርሰው ነው እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

አማቴ የሚያደርጉትን በየቀኑ አያለሁ። አመሻሹ ላይ በየተክሉ ዙሪያ ሦስት ሦስት እንጨት ያቆሙና አሮጌ ጆንያ ጣል ያደርጉበታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያነሱታል። ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ጆንያው በአንድ ወገን ይንዘላዘላል፣ በሌላው ይሰበሰባል፣ በውስጡ ሌላ ተክል የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ለብሶ ከሱቄ የሚወጣ ሰው ቢኖር ሰፈር እለቅ ነበር። ይሄ ተንዘላዝሎ ምን ያሞቃል ብዬ ብጠይቃቸው፣ አንዲት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ እንዲህ ያድርጉ እንዳለቻቸው ነግረውኝ ወደ ጆንያቸው ዞሩ።

ከዚያ ሬዲዮው ከባድ ውርጭ ይወርዳል ብሎ ተናገረ። ያን ዕለት አማቴ ጉንፋን ጥሏቸው ተኝተዋል፤ ማልበሱ ለእኔ ወደቀ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ በቀጥታ ወደ ሎሚው ሄድኩ። ደረቱን ለካሁ፣ ወገቡን ለካሁ፣ ትከሻው ግራው ዝቅ እንደሚል መዘገብኩ። ዘይቱኑንም እንዲሁ። ከሱቅ የተረፈ የካፖርት ጨርቅ ነበረኝ፤ ገበር አስገብቼ፣ ከኋላ በኩል ስድስት ስድስት ቁልፍ አድርጌ ሰፋሁት። ለቡገንቪሊያዎቹ ጨርቅ አልበቃኝም፣ ጆንያቸው ውስጥ ተውኳቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሎሚውንና የዘይቱኑን እንጨቶች ነቅዬ፣ ቅጠል በቅጠል ወደ ውስጥ ሰብስቤ ቆለፍኩላቸው። ልክክ አለ። ባለቤቴን ጠርቼ ባሳያት ሎሚው ሙሽራ መስሏል አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከሰፋኋቸው ልብሶች ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት የለም።

ጠዋት ስነሳ አጥሩ ነጭ ሆኖ አድሯል። እየተጣደፍኩ የሎሚውን ቁልፎች ስፈታ ጨርቁ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ውስጡ ያለው ቅጠል ጠቁሮ፣ እንደተቀቀለ ነገር ላሽቋል። ዘይቱኑም ያው ነው። ጆንያ ውስጥ ያደሩት ቡገንቪሊያዎች ግን አንድ ቅጠል አልጎደለባቸውም። ለካ ጨርቄ እርጥበቱን ጠጥቶ በረዶ ሲሆን ቅጠሉ ተጣብቆበት አብሮ በርዷል፤ ለካ ያ የናቅሁት ባዶ ቦታ ነበር የሚያድናቸው። ሰው በገዛ እጁ የሚስቱን እናት ከቤት ያባርራል?

ባለቤቴ እናቷን ደግፋ ክሊኒክ ልትወስዳቸው በጓዳ በር ይዛቸው ወጣች፤ አጥሩን አላዩም። ሁለት ሰዓት አለኝ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ጨመርኩበት። በእኔ ሥራ የተቃጠለ ጨርቅ ሲገኝ ተቆርጦ ይጣላል፣ ደህናው ይቀጠላል። መቀሴን አምጥቼ የጠቆረውን ሁሉ ከነቅርንጫፉ ከረከምኩት፤ ሎሚው እስከ ጉልበቴ የምትደርስ እንጨት ሆነ። ከቆረጥኩ በኋላ ግን የምቀጥለው ደህና ነገር አልነበረም።

አማቴ ሲመለሱ መቀሱን እንደያዝኩ አገኙኝ። ሎሚውን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ማን ቁረጥ አለህ?"

"የሞተውን ነው የቆረጥኩት፣ እማዬ።"

"የሞተው እኮ ነው ለደህናው ከለላ የሚሆነው። ብርዱ እስኪያልፍ እንዳለ ይተዋል። ስትቆርጠው ቀንበጥ ላውጣ ይላል፤ ያወጣውን ደግሞ ብርድ ይቀጨዋል።"

ያኔ አላስቻለኝም። እንዳይሄዱብን ብዬ ነው አልኳቸው። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቴ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"እኔ እንዲደርቁ ስጠብቅ ነበር" አሉ። "ማታ ማታ አለብሳቸዋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ደርቀው ባገኛቸው እላለሁ። እናንተን ሳላስቀይም የምሄድበት ሰበብ ይሆነኛል ብዬ። እዚህ ሁሉን ነገር እናንተ ታደርጉልኛላችሁ። ተቀምጦ መጦር ከበደኝ፣ ልጄ።"

ወደ ሎሚው ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቱን ትንሽ ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ዘይቱኑንም ፋቁት፤ እሱም አረንጓዴ ነው። እንደገና ፋቁና ጣታቸውን እዚያው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

"አልሞተም" አሉ በመጨረሻ። "ግን አሁን በዓይን የሚጠበቅ ሆኗል። ብርዱ እስኪወጣ ማታ የሚያለብሰው፣ ጠዋት የሚገልጠው፣ ያለጊዜው ቀንበጥ ሲያወጣ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።"

እኔ አደርገዋለሁ አልኩ። መቀሱን ከእጄ ወስደው ለባለቤቴ ሰጧት።

ከሰዓት በኋላ ሦስት እንጨት አስተክለውኝ፣ ጆንያውን ራሳቸው ጣል አድርገው ከግንዱ መራቁን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ገብተው ወደ ወንድማቸው ደወሉ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሰማን። ጉንፋኑን ነገሯቸው፣ ካፖርቱን ነገሯቸው፣ መቀሱን ነገሯቸው፤ ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ በደህና አላነሱትም።

"ሁለቱም ስለ ተክል አንድ ነገር አያውቁም" አሉ። "ትቻቸው ብመጣ ይፈጁታል። ክፍሉን ለሰው ስጠው።"