ኩኪ የተዘጋበት ኮምፒውተር

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል የይለፍ ቃሌን ለአምስተኛ ጊዜ አስገባሁ። ገጹ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ «እባክዎ ይግቡ»። ገባሁ። እንኳን ደህና መጡ። እባክዎ ይግቡ። ዛሬ ካመለጠኝ አንድ ዓመት ልደግም ነው፤ ልጄን ሁለት ዓመት የያዘችልኝ እህቴ ደግሞ ሦስተኛውን እንደማትችል ቁርጡን ነግራኛለች።

የቤተ መጻሕፍቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠራሁት። ሁላችንም «ጋሼ ጥንቃቄ» እንለዋለን፤ ሹፈት መሆኑን እሱ ብቻ አያውቅም።

«ኩኪ ዘግቼ ነው» አለ ዘና ብሎ። «ባለፈው አንዷ ከገጿ ሳትወጣ ተነሥታ ሄዳ፣ ቀጥሎ የተቀመጠው በስሟ ገብቶ ኮርስ ሰረዘባት።»

«እኔ ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ዋናው መግቢያ ማንነትሽን አጣርቶ ምልክት ይሰጥሻል፤ ኩኪ ማለት እሱ ነው። ብራውዘሩ ምልክቱን አልይዝም ስለሚል ማስረከቢያው ጋ ባዶ እጅሽን ትደርሻለሽ። ይመልስሻል።»

«ክፈተዋ!»

«ያለ ማመልከቻ አልችልም።»

«ማመልከቻው የት ነው?»

«እዚያው ገጽ ላይ። ስትገቢ ታገኚዋለሽ።»

ደሜ ፈላ። ይህን ጥንቃቄ ብሎ የሚጠራ ሰው ሌባ ፈርቶ ቤተሰቡን ደጅ ቆልፎ የሚያሳድር ነው። ይህንኑ ጮኼ ነገርኩት። የሚያነበው ሁሉ ዞረብን። አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ወደ ቢሮው ወሰደኝ።

ኩኪ ባልተዘጋበት በእሱ ኮምፒውተር ማስረከቢያውን ስከፍት ምንም ሳይጠይቀኝ ገባ፤ በእሱ ስም። ወጥቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው የእሱ ስም።

«የወጣሽው ከማስረከቢያው ብቻ ነው፤ ዋናው መግቢያ ያስታውሰኛል።»

«ማንንም የማያስታውሰውን ስውሩን የብራውዘር መስኮት ልክፈት?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ሌላ ብራውዘርስ?»

«መጫን ከልክያለሁ።»

«ከዋናው ውጣልኛ!»

አቀረቀረ። «የይለፍ ቃሌን ረስቼዋለሁ። ‹አስታውሰኝ› ብዬው ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ማስቀየሪያው ደግሞ...»

«ስትገባ ታገኘዋለህ?»

አራት ደቂቃ ቀርቶኛል። ከዋናው መግቢያ ራሴ አስወጣሁት።

«ምነው እህቴ!» ብሎ እጄን ሊይዝ ሲል በስሜ ገብቼ ነበር። ጽሑፌ ለአሥራ አንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። ከዋናውም ወጥቼ ወንበሩን ለቀቅኩለት።

ተቀመጠና በአንድ ጣት የይለፍ ቃሉን መሞከር ጀመረ።

«የሚስቴ ስም ነበር መሰለኝ» አለ።

አልነበረም።