የጠፋ ሰው ቅጽ፣ ተራ ቁጥር 6

1. የጠፋው ሰው ሙሉ ስም፦ አሰግድ ይመር

ከፊቱ «አቶ» ብዬ ነበር። ሳጅን ሽታዬ ሰረዘችው። «ማዕረግ አይጻፍም» አለች። አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሲተክል፣ ሽቦ ሲወጥር ኖሯል። እሷ ያን ቅጽ የምትሞላበት አምፖል የሚበራው እሱ በዘረጋው መስመር ነው። በአንድ ጭረት «አቶ»ነቱን አጣ።

ንዴቴ ከዚያ የጀመረ ይመስለኝ ነበር።

አይደለም።

2. ዕድሜ፦ 74

3. የጠፋበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ልብስ እያሰጣሁ የበሩን ሲጢጥታ ሰማሁ። ጎረቤት መስሎኝ ቀና አላልኩም።

4. ፎቶግራፍ፦ ተያይዟል

ጡረታ ሲወጣ ከረባት አስሮ የተነሳውን ሰጠሁ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። የዘንድሮው ስልኬ ላይ ነበር፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ፣ ጢሙ አድጎ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ። ያንን ለሰው ማሳየት አልፈለግኩም።

ባለከረባቱን በሃያ ቅጂ አባዝተን ራሱ በተከላቸው ምሰሶዎች ላይ ለጠፍነው። ማንም አይቶ አልደወለም። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው እኛም ካየነው ቆይተናል።

5. (ይህ ቅጹ ላይ የለም። ግድግዳው ላይ ነው ያለው።)

«ፖሊስ ከእርስዎ ጋር ነው። በነጻ የምንሰጣቸው አገልግሎቶች፦ የጠፋ ሰው ማፈላለግ። የቤተሰብ ምክር። የአረጋውያን ድጋፍ። ይህም በኅብረተሰቡ ተሳትፎ።»

የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ማለት እትዬ ዝማም ናቸው። የሰፈራችን የፖሊስ በጎ ፈቃደኛ። ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው ከሳጅኗ ጠረጴዛ ጎን ይቀመጣሉ፤ የምትገባዋን ሁሉ «ነይ ተቀመጪ፣ ምን ሆንሽ?» ይላሉ። እሁድ የእህቴን የትርንጎን እጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚልክብን ልጅ አክስትም ናቸው።

አንተ ስለ አባትህ ትጠየቃለህ። የወደፊት አማችህ አክስት ክንድህ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ። አገልግሎቱ ይሄ ነው። በነጻ።

6. የአእምሮ ሁኔታ፦

ሳጅን፦ አእምሯቸውስ?

እኔ፦ እንዴት ማለት?

ሳጅን፦ መርሳት፣ መዘባረቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር።

እትዬ ዝማም፦ (የሰደርያቸውን ዚፕ ወደ ላይ ይስባሉ።)

እኔ፦ ኧረ በስማም! እሳቸው ናቸው እኔን የሚያስታውሱኝ።

ሳጅን፦ (እየጻፈች) ጤነኛ።

አባዬ ስሙን ካጣው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆሞ አጥሩን አሻግሮ ምሰሶ ይቆጥራል። ምሳ የበላ መሆኑን አያውቅም፤ ስንተኛው ምሰሶ ላይ እንደደረሰ ብትጠይቀው ግን አይሳሳትም። ከበር እንዳይወጣ ቁልፍ የምንይዘው በተራ ነው። ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር።

ለምን እንደዋሸሁ ገብቶሃል። «እነሱ ዘንድ እብደት አለ፤ ነገ ልጅቷም ላይ ይወጣል» እንዳይባል ነው።

7. በፖሊስ የተወሰደ እርምጃ፦

«ጤነኛ ሰው ከሆኑ ዘመድ ጋ ሄደው ይሆናል። እስከ ነገ ጠብቂ።»

ጠበቅኩ።

6. (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሰደርያ።)

ሳጅን ሽታዬ ስልክ ይዛለች። ከድልድዩ ማዶ ካለው ጣቢያ ነው የተደወለው። መነጋገሪያውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ እኔ ዞረች።

«ታች አንድ ራሳቸውን የማያውቁ ሽማግሌ አሉ። የአንቺ አባት ጭንቅላታቸው ደህና ነው ብለሻል አይደል?»

እትዬ ዝማም ጫማቸውን ያያሉ።

በልቤ፣ ቀስ ብዬ ብቻዬን ሄጄ አየዋለሁ አልኩ። በአፌ፦

«ደህና ነው።»

«የእኛ አይደሉም» አለች በስልኩ። ዘጋችው።

ያቺ ሴት ቅጹን አንብባ ነው የጠየቀችኝ። «ለማንኛውም አንዴ ሄደሽ እያቸው» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት። አራት ቃል አልወጣትም። ከእኔ ደግሞ አንድ ይበቃ ነበር።

8. ተጨማሪ መረጃ፦

እትዬ ዝማም እንዳያዩኝ መጀመሪያ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ በጀርባ ዞሬ በባጃጅ ወደ ድልድዩ። የታችኛው ጣቢያ ኮንስታብል ጥርሱ የማይከደን ወጣት ነው።

«ውይ እሳቸው! ምሰሶ ሲቆጥሩ ሰው አገኛቸውና ትናንት አመጣቸው። ተጫዋች ናቸው እኮ! ሽቦአችንን አይተው 'ይሄን የዘረጋው ማነው? ፍየል ነው?' ብለው በሳቅ ገደሉን። ዳቦ በሻይ ሰጠናቸው።»

«የት አሉ?»

«ላይኛው ጣቢያ ስንደውል የእኛ አይደሉም አሉ። ፈላጊ የለ፣ አድራሻ የለ። 'ሥራ አለብኝ' ሲሉ ለቀቅናቸው።»

«መቼ?»

ሰዓቱን አየ። ሳቁ ጠፋ።

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

የአረጋውያን ድጋፍ የሚለው ማስታወቂያ እዚያም ተለጥፏል። ከራሱ በላይ።

እስኪመሽ ምሰሶ ለምሰሶ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አትክልት የሚያመላልሱ ሴቶች አገኙት፤ ከድልድዩ በታች፣ ምሰሶ ተደግፎ ተቀምጦ፣ እርጥብ። ብርድ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

6. (እሁድ፣ ድንኳን ውስጥ)

ሽማግሌ በሚቀመጥበት ቀን ለቀስተኛ ተቀመጠ። እትዬ ዝማም ሰደርያቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እጄን ያዙኝ።

«እኔ እንኳ አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«ምኑን?»

«የጋሽ አሰግድን ነገር ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አጥሩ ላይ ሆነው ሲቆጥሩ እንሰማቸው የለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ደህና ነው ስትይ፣ በሳጅኗ ፊት እኔ ላዋርድሽ?»

እጃቸውን ወርውሬ ተነሳሁ። ሰው ሐዘን መስሎት ደግፎ አስቀመጠኝ። ሐዘን አልነበረም። ለእኔ ብለው! እኔ ለእሳቸው ብዬ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው፣ እሱ ዝናብ ውስጥ።

ትርንጎ ከኋላ ሰምታለች።

«ለእኔ ብለሽ ነው የዋሸሽው?» አለች።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

9. የአመልካች ፊርማ፦

ከሰልስቱ በኋላ ሳጅን ሽታዬ ጠራችኝ። ቅጹ «ተገኝቷል» ተብሎ ሊዘጋ ፊርማዬ ያስፈልጋል።

«ስድስትን ላርም» አልኳት።

«ከተገኙ በኋላ ምን ያደርጋል?»

«ይታረም!»

«እህቴ፣ የተሞላ መዝገብ አይነካም። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

አልፈረምኩም። ከጠረጴዛዋ ላይ ባዶ ቅጽ አንስቼ ወጣሁ። እትዬ ዝማም በቦታቸው ነበሩ፣ በሰደርያቸው። «ነይ ተቀመጪ፣ ምን ሆንሽ?» ይሏታል አንዷን።

ቅጹ ይኸው። እስክሪብቶ ያዝ። የአባትህን ስም ጻፍ፣ ዕድሜውን፣ የዘንድሮውን ፎቶ አያይዝ። አሁን ሳጅኗ ቀና ብላ ታይሃለች። ከጎንህ አንድ የምታውቀው ሰው ተቀምጧል። ይሰማል።

6. የአእምሮ ሁኔታ፦ ______________________