የእንጨት ቢላዋ

የቀድሞ ባሌ «በቢላዋ ነው የምጨርስሽ» ብሎ በስልክ ከዛተብኝ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። የወንድሞቼ ጨዋታ ግን የማን ስፖርት ያድናታል ሆኖ አረፈው። ታላቄ ካራቴ ያስተምራል፤ ታናሼ ጁዶ ይጫወታል።

«አንዴ ደረቱን በእግሯ ካለችው አለቀለት» ይላል ታላቄ።

«በየት በኩል? የምትሠራበት ላውንደሪ እንኳን እግር ሊያስነሳ መዞሪያም የለው። ይዛ ትጣለው እንጂ!»

«ይዛው ስትታገል በሌላው እጁ ይወጋታላ! ያንተ ነገር ፍራሽ ላይ ነው የሚያምረው።»

«እንግዲያው ትሩጣ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።»

ታላቄ ከት ብሎ ሳቀበት። እኔን ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? የሚከራከሩት በኔው ነፍስ ነው።

ያሸነፈው ታላቄ ነው፤ ታላቅ አይደል! ከሥራ ስመለስ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ የእንጨት ቢላዋ ይዞ ይመጣብኛል። የእጁን አንጓ እይዛለሁ፣ እጠመዝዛለሁ፣ ቢላዋውን እነጥቃለሁ፤ ከዚያ እጀታውን ወደሱ አዙሬ እመልስለታለሁ። «ድገሚ!» እደግማለሁ። «እጅሽ ራሱ እስኪለምደው ነው» ይለኛል። እኔም አመንኩት።

የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ላውንደሪው ውስጥ ሸሚዝ ስተኩስ በሩ ተከፈተ። እሱ ነው። ባንኮኒውን ዞሮ መጣብኝ፤ የያዘው ቢላዋ የእንጨት አልነበረም። መጮህ እንኳ አቃተኝ። እጄ ግን እኔን አልጠበቀም፤ አንጓውን ያዘ፣ ጠመዘዘ፣ ነጠቀ። ተረፍኩ ብዬ ሳልጨርስ፣ ያው እጄ እጀታውን አዙሮ መለሰለት።

ተቀበለኝ። እሱም ግራ ገብቶት አንዴ ቢላዋውን፣ አንዴ እኔን አየ። በዚያች ቅጽበት በጓሮው በር እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ፖሊስ ይዞታል። ታላቄ የእንጨቱን ቢላዋ ሰባብሮ ጣለው፤ ዓይኔን ማየት አቅቶታል። ታናሼም «አላልኩም?» አላለም።

ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። ትላንት ማታ እናታችን ሽንኩርት ልትከትፍ ፈልጋ «ቢላዋውን አቀብይኝ» ስትለኝ፣ ሳላስበው እጀታውን ወደሷ አዙሬ ሰጠኋት። «ተባረኪ» አለችኝ። እኔ እጄን እያየሁ ቀረሁ። እሱስ ታስሯል፤ እጄ ግን አብሮኝ ነው ያለው።