የተደፈነው ቦይ

ወይዘሮ የብርጓል ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚዳስሱት ግድግዳውን ነው። ቀጥለው የልጅቷን ደረት። ሁለቱም አላማራቸውም።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ነው። ልጃቸው ደመላሽና ሚስቱ ሃኒ እላይ ይኖራሉ፤ እሳቸውና የእነ ደመላሽ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ሶልያና፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይተኛሉ። የምድር ቤቱ የኋላ ግድግዳ እስከ ወገቡ አፈር ውስጥ ነው። ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ይሻግታል፣ ልጅቷም ስትስል ታድራለች።

ሐምሌ ላይ ደመላሽ ቁርጡን ተናገረ።

"እማዬ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ለዚህ ቤት መላ ካልተገኘ ሶልያናን ባሕር ዳር እልካታለሁ፤ የሃኒ እህት ዘንድ ትማር። ሐኪሙ እርጥበቱ ሳሏን ያብሰዋል ያለውን ሰምተሻል።"

"ማን ያለብሳታል? ማን ያጎርሳታል? ሐይቁስ?"

"ሐይቁ ምን አደረገሽ?"

"ልጅ ይወስዳል።"

"ሐይቁ ቤት ድረስ አይመጣም እማዬ። እዚህ ግን ውሃው እራሱ መጥቶልሻል።"

አምና ግድግዳውን ከውስጥ ሲሚንቶ አልብሰውት ነበር፤ እንደ ቁስል ቅርፊት ተላልጦ ወደቀ። ዘንድሮ ግንበኛው እንዳላማው ተጠራ። መጥቶ ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ቁራጭ ላስቲክ አስመጥቶ አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

"ሁለት ቀን ይቆይ" አለ። "ላስቲኩ ከክፍሉ በኩል ካላበ የእናንተው ትንፋሽ ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ከግድግዳው በኩል ካላበ ግን ከውጭ የሚገባ ውሃ ነው።"

በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ከግድግዳው በኩል ጠብ ጠብ ይል ነበር።

"እንግዲያው ሲሚንቶው ይደገም" አለ ደመላሽ።

"ገንዘብህን አታባክን። ውሃ ከጀርባው እየገፋው ሲሚንቶ አይዝም። እኔን የገረመኝ፣ ዳገት ቆርጦ ቤት የሠራ ሰው ከኋላ ቦይ ሳያወጣ እንዴት ቀረ?"

"ነበረ እኮ፤ ጎርፍ ደፈነው። አይደል እማዬ?"

ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቦዩን የቆፈረው ነፍሱን ይማረውና ባላቸው ታረቀኝ ነበር። የደብረ ኤልያስ ገበሬ ስለነበር፣ የክረምት ውሃ እንዲወጣ ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ፈሰስ አድርጎ፣ ከዳገቱ አግድም ጋደል አድርጎ ነው ያወረደው። ጎርፍ አልደፈነውም። ሶልያና ዳዴ ትታ መራመድ የጀመረች ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲውል እሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ በሳፋ አፈር እያመላለሱ፣ በእግራቸው እየረገጡ ደፈኑት። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ለሳቸው ግን ገደል ነበር። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ፈሰስ የሌለው ማሳ ውሃ እንደሚያቁር ያውቃሉ። ቤትን ግን እንደ ማሳ አላዩትም። ግድግዳው ማላብ ሲጀምር ትንሽ ጠርጥረው ነበር፤ ጥርጣሬውን ለማንም አልተነፈሱትም።

አሁን ዝም ቢሉ ልጅቷ ትሄዳለች።

"እኔ ነኝ የደፈንሁት" አሉ። "ትገባበታለች ብዬ።"

ደመላሽ ዞሮ አያቸው። የሳቀው እንዳላማው ነው።

"እናቴ፣ ከቦዩ አድናታለሁ ብለው ቦዩን አልጋዋ ሥር አስገቡት እኮ።"

ቦዩን መልሶ መቆፈሩ ቀላል ነው። ጭንቁ ውሃው የሚወርድበት ነው፤ ከበታቻቸው ባለው ግቢ ከደብረ ወርቅ የመጡት የቅኔ መምህር የኔታ አካለ ወልድ አሉ። የወይዘሮ የብርጓል አባት ከገዛ ወንድማቸው ጋር ሳይነጋገሩ የሞቱት፣ ሳይጠየቅ በተለቀቀ ፈሰስ ነው። ስለዚህ ልጃቸውን ሳይልኩ በማግስቱ ራሳቸው ሄዱ።

"የኔታ፣ ውሃ ልለቅብዎት ነው የመጣሁ።"

"ሌላው ከለቀቀብኝ በኋላ ነው ይቅርታ የሚለኝ። አንቺስ ደግ አደረግሽ።" ዘንጋቸውን ይዘው ወጡና መውረጃውን አሳዩአቸው። "በአጥሬ ጥግ ወርዶ ከመንገዱ ቦይ ይግባ። ጎመኔን ከነካ ግን ዓመቱን ሙሉ ጎመን የምታበዪኝ አንቺ ነሽ።"

"እሺ የኔታ።"

"በይ ሂጂ፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።"

ደመላሽና እንዳላማው ሁለት ቀን ቆፈሩ። ከሥሩ ጠጠር አነጠፉ፤ በወይዘሮ የብርጓል ጭቅጭቅ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኑት። የጣሪያው አሸንዳም ከግድግዳው ሥር ማፍሰሱን ትቶ ወደ ቦዩ ዞረ።

ነሐሴ ማለቂያው ደረሰ። የምዝገባው ዕለት ጠዋት ወይዘሮ የብርጓል ግድግዳውን ዳሰሱ፤ አሁንም ይቀዘቅዛል። ጓሮ የተረፈ ኖራ አለ። አንድ ጊዜ ቢቀቡት ነጭ ሆኖ ደረቅ ይመስላል፤ ደመላሽም አይቶ ይሄዳል። ብሩሹን አነሱ። የልጅቷን ሳል ኖራ አይቀባውም ብለው መልሰው አስቀመጡት።

"ደረቀ?" አለ ደመላሽ ሲገባ።

"አልደረቀም። ወለሉ ላይ ግን ውሃ የለም፤ የግድግዳው እድፍም አንድ ክንድ ወርዷል። የቀረውን በጋው ያደርቀዋል።"

መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉንም ዳሰሰ።

"እንግዲያው እዚሁ ትመዝገብ" አለ። "ግን ግድግዳው እስኪደርቅ እላይ ከእኛ ጋር ትተኛለች።"

ሃኒ እንቅልፏ ከባድ ነው፣ ልጅቷ ልብስ ትገፋለች ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። የሶልያናን ትራስና ጋቢ አጣጥፈው፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው ለሃኒ ሰጧት።

"ጋቢውን ደርበሽ አልብሻት። ካሳላት ጥሪኝ።"

"እሺ እማማ። ሌላስ?"

"ሌላ የለም" አሉ። ከደረጃው ግን ወዲያው አልወረዱም።